ከስድስት ቀጥሎ

አባቴ ሄርማታ የመጋዘን ዘበኛ፣
ሌሊት ቆሞ አድሮ እንኳ፣ አይልም ልተኛ።
ካፖርቱን ይሰቅልና በበሩ ሚስማር ላይ፣
ይወጣል ወደ ጓሮ፣ ጅሬን ከጉም ሳይለይ።
ከአቮካዶው ዛፍ ሥር፣ ጭቃው እንደረጠበ፣
ቁጭ ብድግ ይሠራል፣ ትንፋሹን እየሳበ፤

«አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት...
አምስት... ስድስት... እህ!... ስምንት...»

ሰባት የሚባል የለም። እዚያ ሲደርስ ጉልበቱ
እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ይላል፣ ከነሕመሙ ከነኩራቱ።
እኔ የአምስት ዓመት ልጅ፣ አፍንጫዬን መስኮት ላይ ለጥፌ፣
«እህ»ን ቁጥር ብዬ ያዝኩት፣ ከስድስት አጠገብ አሰልፌ።

መምህርት ደብሪቱ በጣት ስታስቆጥር፣
«ስድስት፣ እህ!» ስል ክፍሉ በሳቅ ሊሰበር፤
ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቀበሌውን አዳረሰ፣
ጅማ ለስም አይቸገርም፤ አባቴ በዚያው ሳምንት
«አባ እህ» የሚል ማዕረግ ለበሰ።

«ሩጥ» ብሎኝ አያውቅም። ስለ ጤናም አልሰበከኝ።
ዞር ሳይል ብቻ ጠጋ አለ፣ የአንድ ልጅ ቦታ ለቀቀልኝ።
ቅዳሜ ቅዳሜ «ጉማሬ እናያለን» ብለን እስከ ቦዬ፣
እሱ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ እኔ ጫማዬን አንጠልጥዬ፤
ጉማሬ አንድም ቀን አላየን።
ሮጠን ሄድን፣ ሮጠን ተመለስን።

*

ዛሬ ባለ ወንበር ነኝ፤ ወንበሬም ጎማ አለው፣
ከፋይል ወደ ፋይል ሳልነሳ የሚወስደኝ እሱ ነው።
ከቤቴ እስከ ቢሮ መንገዱ ሦስት መቶ እርምጃ፣
በባጃጅ ነው የምሄደው። ሾፌሩ እንኳ ታዝቦኛል።
ነጂሃ ልጄ ሶፋው ጥግ፣ አንገቷ ስልኳ ላይ ተደፍቶ፤
«ውጪ! ሩጪ! ተጫወቺ!» እላለሁ፣
በጀርባዬ ተዘርግቼ፣ ሪሞቱ ሆዴ ላይ ተኝቶ።
እናቷ የገዛችላት ሮዝ ጫማ፣ ሲረግጡት ተረከዙ የሚበራ፣
ካርቶኑ ውስጥ ከረመ፣ ከአሮጌ ቻርጀሮች ጋራ።
አንድ ማታ ስጮህባት ቀና አለች፤ አልተቆጣችም፣
«አባ፣ አንተ ስትሮጥ ግን አንድ ቀን አይቼህ አላውቅም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አደረ። እኔንም።

በነጋታው ምንም ሳልል ጓሮ ወጣሁ።
አቮካዶው ተቆርጧል፤ ጉቶው አለ።
ሦስት ጠዋት ከጎረቤት አውራ ዶሮ በቀር ያየኝ የለም፤
ደረጃ የምወርደው ግድግዳ ይዤ ነበር፣ ለማንም አልተናገርኩም።
በአራተኛው፣ አምስት... ስድስት... ስል፣
ጉልበቴ ቀጭ።
«እህ!»
ድምፁን አወቅሁት። የእኔ አልነበረም።

ዘወር ስል ነጂሃ፣ ጸጉሯ እንዳደረ፣
የጫማዋን ግራና ቀኝ አምታታ፣
ተረከዟ ጭቃው ላይ ብልጭ ድርግም።
አያቷን አላየችውም፤ ሳትወለድ ነው የሄደው።
ቁጭ ብድግ ትላለች፣ «ስድስት፣ እህ፣ ስምንት»፣
በዚያ ምንም በማያመው፣ በዘጠኝ ዓመት ጉልበት።
ላርማት አፌን ከፈትኩ።
መልሼ ዘጋሁት።

እሑድ የጅሬንን ዳገት ይዘን፣ ቀድማኝ ወጣች፤
ተረከዟ ጉሙ ውስጥ ሁለቴ በራ፣ ጠፋች።
ጠብቂኝ አላልኳትም።
እኔ ከታች፣ ድንጋይ ተደግፌ፣
ገና ስድስት ላይ ነኝ።