ሣጥን ዐሥራ አራት

ኦቪዬዶ ዝናብ ነው፤ ምድር ቤቱ ይበርዳል፤
የሞተ ሰው ኑሮ በሣጥን ይወርዳል።
ዐሥራ ሦስቱን ፈታሁ፣ ቆጠርኩ፣ ቁጥር ሰጠሁ፤
አቧራው ጉሮሮዬን ሲይዘኝ ውኃ ጠጣሁ።

ኤላዲዮ ኪንታና ይባል ነበር ሰውዬው፤
ጭቃ፣ ጄሶ፣ ነሐስ፣ ሐውልት ነበር ሥራው፤
ላያቃና አፍንጫ፣ ላይሞላ ጉንጭ ምሎ፣
ሰውን የሚያቆመው ሰውን ራሱን አክሎ።

ምን ምን አለ?
የጄሶ ዕዳ፣ ሦስት ጊዜ የተጠየቀ፤
የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ፣ ጀርባው ላይ የበቅሎ ኮቴ የተሳለበት፤
ልክ ብቻ የሞላበት ደብተር፦
«ከቅንድብ እስከ ከንፈር፣ ሰባት ከግማሽ።
ግራ ጆሮ፣ ጫፉ የለም።
ቀኝ እጅ፣ ሦስት ጣት።»
ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ያ እጅ የማን ነው? የቤላርሚኖ ነው፤
ሁለቱን የከሰል ጋሪ የቀጠፈው፣
በሦስቱ ሃያ ዓመት ጨለማ የቆፈረው፤
ሐውልቱ ሳይመረቅ ተራራው የዋጠው።

ቀጥሎ የኩባንያው ደብዳቤ፣ ከነማኅተሙ፦
«ክቡር ሆይ፣ ንድፉን አይተናል፤ ግሩም ነው።
ነገር ግን የሚቆመው አደባባይ ላይ ነው፤
ሕፃናት ያዩታል፤ ከማድሪድ እንግዶች ይመጣሉ።
እጁ ሙሉ ይሁን።
ሁለተኛው ክፍያ ከጣቶቹ በኋላ ይፈጸማል።»

ጀርባው ላይ በእርሳስ የተደመረ ሒሳብ፦
የቤት ኪራይ፣ የልጅ መድኃኒት፣ የነሐስ አቅላጭ።
ድምሩ ልክ ሁለት ጣት ያህላል።
አልፈርድም። እኔም ደሞዝ ጠባቂ ነኝ።

ከዚያ የሚስትየው፣ የኦብዱሊያ፤
መስመሩ እንደ ዳገት ወደ ላይ የሚወጣ፦
«ጌታዬ፣ ሐውልቱ ሲገለጥ ከኋላ ቆሜ አየሁት።
ጆሮው የእሱ ነው።
ሊስቅ ሲል ዓይኑ ሥር የሚሸበሸበው ቆዳ፣
እሱም የእሱ ነው፤ ማን ነገርዎት?
ሰው ሲበተን ተጠግቼ እጁን ያዝኩ።
የሌላ ሰው እጅ ነው።
በዚህ ዕድሜዬ የማላውቀውን ወንድ እጅ
በአደባባይ ያዝኩ፤ አፈርኩ።
ልጆቼን ያሳደገው እጅ ሦስት ጣት ነበረው።
ትርፎቹ የኩባንያው ናቸው፤ ይውሰዳቸው።»

መልሱን ፈለግሁት፤ ማኅደሩን በረበርኩ፤
ረቂቅ፣ ቅጂ፣ ቴምብር፣ ፈልጌ ደከምኩ።
ያገኘሁት ደረሰኝ ነው፤
ከደብዳቤዋ ዐሥራ አንድ ቀን ያልፋል፦
የብረት መጋዝ፣ አንድ። ምላጭ፣ አራት። የፋኖስ ዘይት።
ከሱም ጋር በመርፌ ቁልፍ የተያዘ የጋዜጣ ቁራጭ፦
«ወሮበሎች በሌሊት የሐውልቱን ሁለት ጣት ቆርጠው ተሰወሩ፤
ለጠቆመ ወሮታ ይከፈላል።»
ኩባንያውም ጠራቢውን ጠየቀ፦ ይጠገናል ወይ?
የባለሙያ ቃሉ፣ በፊርማው፣ በአንድ መስመር፦
«ይህ ነሐስ ጥገና አይቀበልም።»
ምድር ቤት ውስጥ፣ ብቻዬን፣ ሳቄ አመለጠኝ።

ከሣጥኑ ወለል፣ ከሁሉም በታች፣
አንዲት የሱፍ ካልሲ ተቋጥራ ተኝታለች፤
ስፈታት ሁለት ጣት ዱብ ዱብ አሉ ከእንጨት፤
ቁርጣቸው ሻካራ፣ የደከመ ክንድ፣ የችኮላ ሌሊት።
መዳፌ ውስጥ ያዝኳቸው፤ በረዶ ነበሩ፤
ጥቂት ቆይተው ግን ሙቀቴን ተበደሩ።

አለቃዬ ፕላሲዶ ሕግ አለው፣ በር ላይ የለጠፈው፦
ወረቀት እዚህ ይቀራል፤ ዕቃ ወደ ሙዚየም ይሄዳል።
እዚያ መስታወት ውስጥ ይገባሉ፣
ከደብዳቤዋ ሦስት ጎዳና ርቀው።

ብዕሬን አንሥቼ ብዙ ቆየሁ።
ዝናቡ መስኮቱን ሲመታ ሰማሁ።
ከዚያ መዝገቡ ላይ፣ ከእሷ ደብዳቤ ቀጥሎ፣ እንዲህ ጻፍኩ፦

«ደብዳቤ። ለወይዘሮ ኦብዱሊያ የተሰጠ መልስ።
ሁለት ገጽ። ቀን የለውም።
የተጻፈበት፦ ነሐስ።»