የአንገትጌው ቀለም

የሰላም ፍርድ ቤት ብለው ሰይመውት፣
ቀበቶ ያስፈታል ደጁ ላይ ያለ ብረት።
ቤርሳቤህ ነው፣ ሰኔ፣ አስፋልቱ ሲተኩስ፤
አስተርጓሚ ነኝ እኔ፣ በሰዓት ተከፋይ፣
ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ፣ ካማርኛ ወደዚያ የምመላለስ።

ዛሬ የገጠመኝ «ነጭ አንገትጌ» ይባላል፤
የወንጀል ስም ነው። በእኛ ቋንቋ ምን ይሆናል?
ነጭ እኛ ዘንድ የሰንበት ልብስ ነው፣
ስርቆትን በምን አፌ ነጭ ላልብሰው?

ወይዘሮ ዝማም ለምስክርነት ቆማለች፤
አሥራ አንድ ዓመት ቢሮ ወልውላለች፣
የሰው ወንበር ሥር፣ የሰው ጠረጴዛ፣
ከቂርያት ጋት ሳይነጋ፣ ጓንቷን በላስቲክ ይዛ።
የደመወዝ ወረቀት በየወሩ ይመጣል፤
አንዲት መስመር አለች፣ «ለጡረታ ተቀናሽ» ትላለች፣
ተቀንሷል፣ እውነት ነው። ተቀንሶስ የት ደረሰ?
ከፈንዱ በር ሳይደርስ ከመንገድ ተመለሰ፣
«የማማከር ክፍያ» የሚል ካባ ለበሰ።

ሒሳብ ያዡ ኤልዳድ፣ ከጠበቃው ጎን፣
አንገቱን ደፍቷል፤ አንገትጌው ግን
ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ካውያ እንዳቆመው።
በመርከዝ ክሊታው ደረጃ ላይ አፍንጫውን ትጠርግለት የነበረች
እሷ ናት፣ ጉንፋን ሲያመው።

«ይህ ፊርማ ያንቺ ነው?» ዐቃቤ ሕጓ ጠየቀች።
ዝማም አየችው። አውራ ጣቷን አሻሸች።
«የኔ ነው።» «አንብበሽው ነበር?»
«ያነበበልኝ እሱ ነው፤ እኔ በፊደል መንደር
እንግዳ ነኝ፣ ልጄ፤ እስክሪብቶ ሰጥቶ
‹እዚህ ጋ› አለኝ፣ ሻይዬን ጠጥቶ።»

ጠበቃው ተነሣ፦ «ሲሰርቅሽ በዓይንሽ አይተሻል?»
«ሌባማ አውቃለሁ፤ ሌባ በጨለማ ይመጣል፣
መስኮት ይሰብራል፣ ኮቴው ይሰማል።
ይኼ በቀን መጣ፣ አንኳኩቶ፣ ጉንጬን ስሞ፣
ፋይሉን በብብቱ፣ ‹እታታ› ብሎ ቀድሞ።»
የመዝጋቢዋ ጣት ለአፍታ ቆመ፤
በየትኛው አንቀጽ ይግባ «የሳመ»?

በኅዳር ማለቂያ ፍርዱ ተነበበ፣
እኔም በዝማም ጆሮ፣ ቃሉ እንደ ዘነበ፦
አሥራ አራት ወር እስራት።
ሌላ ስምንት ወር በገደብ፣ ተሰቅሎ የሚቆይ አለንጋ፣
ዳግም ካጠፋ የሚወርድ፤
ካሣ ለአርባ ሦስት ሴት፣ ለእያንዳንዷ በላቧ ዋጋ፤
መቀጮም አለ፤ አፓርታማውም ታግዷል፣ እስኪከፈል ዕዳ።
ሳይተነፍስ ሰማ ኤልዳድ፣ የሌላ ሰው ፍርድ እንደሚሰማ እንግዳ።

በመጨረሻ አንዲት አጭር ቃል፦ «ቃሎን»።
ከእስሩ በኋላም የምትከተል፣ ሹመት ፈላጊውን
ከበር የምትመልስ። ዝማም ጎተተችኝ፣ «ምን አለች?» ብላ።
ውርደት ልበል? ኀፍረት? አንዱም አይሞላ።
«ነውር አለበት አለች፤ ነውሩን ሕግ ጻፈው።»
ዝም አለች ዝማም። ነውር እንደሆነማ
ከዳኛዋ በፊት ነበር የምታውቀው።
ከኋላ ወንበር ላይ እናቱን አየች፣ ዞራ፤
«ለሷስ ማነው የሚያስረዳት?» አለች፣ ድምጿን ሰብራ።

ውሌ ላይ የለም። የተቀጠርኩት ለምስክሯ ነው።
ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ «አሥራ አራት» አልኳት።
«ቀን ነው?» አለች።
ወር የሚለው ቃል ያን ያህል ከብዶኝ አያውቅም፣ ባንድም ልሳን።

ኮሪደር ላይ ቅጽ አለ፦ ስም፣ ቀን፣ የተሠራ ሰዓት።
ሁለት ከአርባ ነው። ጸሐፊው «ሦስት በይበት፣
ሁሉም ሦስት ይላል፤ ማን ይቆጥርብሻል?» አለ።
እስክሪብቶ ሰጠኝ። «እዚህ ጋ» ብሎ በጣቱ አመለከተ፣
ደግ ሰው ነው፣ ልጆቼን በስም ያውቃል፣ ፈገግ እንዳለ።

ሁለት ከአርባ ጻፍኩ።
አንገትጌዬን ዳሰስኩ።
ባለፈው ወር ሦስት ብዬ ነበር የፈረምኩ።