ሁለት ሰው

ጣራው ላይ ወጣሁኝ ገና ሳይነጋጋ፣
ውርጩ እንደ መስታወት ቆርቆሮው ላይ ረጋ።
ከመናኸሪያው በላይ፣ ከጤና ጣቢያው ጫፍ፣
ፓምፔ አየር ይስባል ሌሊቱን ሳያርፍ።
ትናንት ያስገባሁት ነጭ ክብ ወረቀት
ዛሬ ተመለሰ ጠጥቶ ጥላሸት።

በመቆንጠጫ ጫፍ ቀስ ብዬ አነሳሁት፤
ትንፋሼን ዋጥ አርጌ ሚዛን ላይ አኖርሁት።
የደብረ ብርሃን ሌት ተለክቶ ሲያልቅ
ከአራት ፍሬ ጤፍ ክብደቱ አይልቅ።
ዘበኛው ጋሽ ሸዋንግዛው ከታች ያንጋጥጣል፦
«ዛሬስ፣ ስመኝ ልጄ፣ ስንት ኪሎ ወጥቷል?»
እስቃለሁ።

ከሳምንት በኋላ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣
ማሽኑ መስመር ሣለ ሽቅብ ቁልቁል ሲሮጥ፤
እንደ ጣርማ በር ገደል ጫፉ የሾለ፣
ከሁሉም መካከል አንዱ ጎልቶ ዋለ።
አወቅኋት።
አምስት ቀለበት አላት፣ ማንም አላጫትም፤
ሳንባ ውስጥ ታድራለች፣ ውጪ ቢሏት አትወጣም።

ከወዴት መጣች አልሁ። ከአይሱዙው ናፍጣ?
ከጡብ ማቃጠያው? ከየትስ ልታጣ!
ማስታወሻዬን ገለጥሁ፦
«ረቡዕ፣ ሌሊት ሰባት። ነፋሱ ከበር በኩል።
አሮጌ ጎማ ይነዳል።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ነው፤ ካፖርቱ የሳሳ፣
ቀዳዳው በጆንያ ክር የተወሳወሰ።
ምን ብዬ ልንገረው?
ደግሞም ያን ሌሊት፣ ፓምፑን ላይ ስመጣ፣
«ነይ ሙቂ» ሲለኝ፣ ጓንቴን ሳወጣ፣
እጄን ዘርግቼ እስኪቀላ ድረስ…

ምንጭ በሚለው ዓምድ ስር «ጎማ» ብዬ ጻፍሁ።
ለቀሪው ቅጹ ላይ ቦታ ስላጣሁ፣
ዳር ላይ አጣብቤ፦
«ሁለት ሰው ሞቆታል።»