ሳራቺኔስካ

ሐምሌ ነው በጅማ፤ ሰማዩ ያፈሳል፣
አወይቱ ሞልቶ ደለል ያግበሰብሳል፤
የኔዋ ቦቴ ግን ቆማለች ከዳሩ፣
ሆዷን ነፍቶት ውሏል የሰው ሁሉ ነውሩ።
ስድስት ሺህ ሊትር ነው፦ የሁለት ሆቴል ጉድ፣
የሠርገኛ ጓሮ፣ የሐጂ ቤት ጉድጓድ።
መዘውሩ አይዞርም፤ ሳራቺኔስካው
ጥርሱን ነክሶ ቀርቷል፣ ዝገት ስለ ነካው።

ጠዋት ከመድፊያው ዳር፣ ጭቃ እስከ ጉልበት፣
ረዳቴ ሙዘይን ቱቦ ሲጎትት፣
ታገልን፤ አልሆነም። በማርቴሎ መታሁ፣
የሠሪውን ዘር ማንዘር እየቆጠርኩ ጠራሁ፤
አንድ ጣት ሳይላወስ፣ አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣
እንደ ጫንኩ ተመለስኩ በመጣሁበት መንገድ።

በመርካቶ በኩል ቀስ ብዬ ሳልፍ
ነጠላ ካፍንጫ፣ መዳፍ ካፍ ላይ ሲያርፍ፣
መስኮት ሲከረቸም፤ ሳቄና ንዴቴ
እኩል ተናነቁኝ ከመሪው ከፊቴ።
ትናንት በእኩለ ሌት "ድረስልኝ ወንድሜ!"
ያለኝ ባለሱቅ ዛሬ ጠፍቶበታል ስሜ።

ሸምሱ ግን አልሸሸም። ቆጪ፣ ጋራዡ በር፣
በርጩማው ላይ ሆኖ ዝናብ ያይ ነበር።
ብርጭቆ ሻዩን ጎማ ላይ አኑሮ፣
ጆሮውን አስጠጋ፣ ቦቴዋን ዞሮ።
"ስንቴ መታኸው?" አለኝ። ቁጥሩን ደበቅኩት።
"በል ማርቴሎህን ወስደህ ለሚስማር ተውት።"

ዳዶውን አላላ፣ ግማሽ ዙር፣ በልኩ፤
ናፍታ አንጠባጠበ፣ ሆኖ በእንብርክኩ፤
ሙቅ ውሃ በማንቆርቆሪያ፣ ከጎረቤት ሻይ ቤት፣
ደገመው፣ ሠለሰው። "አሁን እናውጋ" አለኝ፣ "ይጠጣበት።"

ስናወጋ ነው ያያቱን የነገረኝ፦
ከጅሬን ዳገት ሥር ቀጥቃጭ ነበር አለኝ፤
ማረሻ ያሠራል አገሩ ተሰልፎ፣
ማዕድ ግን አይቀርብም፣ ደጁን ተጠይፎ።
ይህን ሲያወራልኝ አልነበረውም ምሬት፤
እጁ ግን አላረፈም ከዛገው አንገት።

ከዚያ፣ "ልትከፍተው ከፈለግህ" አለ፣ "ዝጋው መጀመሪያ።"
ዘጋሁት። ሲጢጥ አለ እንደ አሮጌ ማጠፊያ።
ሩብ ዙር ወደ ቀኝ፣ ሩብ ዙር ወደ ግራ፣
ደግሞ ናፍታ፣ ደግሞ ሩብ፣ ያለ ምንም ፉከራ፤
ድንገት
ቅር
ቅር
ሲል በጣቴ ተሰማኝ፤ የደረቀ ነገር
በብረቱ ሆድ ውስጥ ሲላቀቅ፣ ሲሰበር።
ቆቡ ባይታሰር ጎዳናው በጠለቀ!
አንድ ማንኪያ ያህል ሸምሱ ጫማ ላይ ወደቀ።
ሙዘይን ሸሸ። ሸምሱ ግን ጫማውን አይቶ፣
"ይሄ ከየትኛው ሆቴል ነው?" አለኝ፣ ሣቁን ገትቶ።

"ስንት ልክፈል?" አልኩት። ቀና ሳይል ካንገቱ፣
ግራሶ እየቀባ ዙሪያውን በጣቱ፣
"የእናቴ ጉድጓድ" አለ፣ "ሞልቶ ገንፍሏል፤
ሦስት ሳምንት ደወልኩ። ስልክህ ይጠራል፣
አታነሳም።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው።
ሆቴሎቹ ነበሩ የከፈሉኝ እጥፍ።
የእሱ ጥሪ እዚያው አለ፣ በቀይ ጽሑፍ፣
አሥራ አንድ ጊዜ። ስሙን አልያዝኩትም፤
ቁጥር ብቻ ነበር።

ደፍቼ ስመለስ መሽቷል፤ መብራት የለም።
የጊንጆ ጠባብ ቅያስ ቦቴ አያስገባም።
አርባ ሜትር ቱቦ በትከሻ ይዘን፣
ሸምሱ ፊት፣ እኔ ኋላ፣ መሐል ላይ ሙዘይን
ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ።
እናቱ ኩራዝ ይዘው በሩ ላይ ቆመው
"አፈርኩ" አሉ፣ "ልጆቼ"፣ ፊታቸውን አዙረው።
"እኔ ነኝ የማፍረው" ልል ከፈትኩ አፌን፣
መልሼ ዘጋሁት፤ ያዝኩ መዘውሬን።
በሁለት ጣት ዞረ።