ሦስተኛ ዓምድ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ከወደቡ ግንብ ሥር፣
ውሃ ሳነብ ኖርኩኝ፣ እንደ ሰው ደብተር።
ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ማታ አሥራ ሁለት፣
ከቀይና ነጩ ዘንግ፣ ጣና የቆመበት
ያቺን ቀጭን መስመር፣ ጎንበስ ብሎ ማየት፤
ቀኑን በአንድ ዓምድ፣ ልኩን በሌላው መክተት።
ሰኔ ላይ ሲነሣ፣ እያመነታ ነው፤
ነሐሴ ላይ ግና፣ ማን ነው የሚይዘው?
ልኩንስ ጻፍኩት፤ ጥድፊያውን በምን ልጻፈው?

ለመስከረም ከፖሊ፣ የማታው ክፍል ጠራኝ፤
በሠላሳ ስድስት ዓመቴ፣ ተማሪ ነህ አለኝ።
«ካልኩለስ አንድ» ይላል፣ የመጀመሪያው ተራ፤
ግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል፣ «ተዘጋጅታችሁ ኑ» የሚል አደራ።
በምን ተዘጋጅቼ? እሱን አይነግረኝም።

ይኸው ያ «በምን» ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣
ከጊዮርጊስ ጀርባ፣ ከጥሩሰው የላስቲክ ዳስ ፊት፣
እሱ ጣሪያው ላይ ያቆረውን ዝናብ በዱላ ሲገፋ፣
ቁጢጥ አድርጎ ያዋለኝ፣ ሦስት ሙሉ ሰዓት።

የመጀመሪያው ወፍራም፣ ሽፋኑ የሚያበራ፣
ድልድይ የተሣለበት፣ ከድልድዩም በላይ አሞራ።
ገለጥኩት፤ በቀኝ ሥዕል፣ በግራ ሥዕል፣ በሣጥን ውስጥ ቀለም፤
ሠርግ ቤት ይመስላል፤ ግርግሩ ሞልቷል፣ ሙሽራዋ የለችም።
ዋጋውን ስሰማ፣ በሁለት እጄ ያዝኩት፤
እንደ ሰው ሕፃን ነው፣ ቀስ ብዬ የመለስኩት።

ሁለተኛው ቀጭን፤ «በሠላሳ ቀን» ይላል ግንባሩ፤
መልስ፣ መልስ፣ አሁንም መልስ፤ መንገዱ የለም ከነሥሩ።
አወቅሁት ይህን ሰው! ከእኔ በፊት የነበረው ሽባባው ነው፤
ዘንጉ ጋ ሳይወርድ፣ ቤቱ ተጋድሞ፣
የወሩን የውሃ ልክ፣ በአንድ ቀን የሚሞላው።

ሦስተኛው ጥራዙ ላልቶ፣ በሲባጎ ታስሯል።
«ማንጠግቦሽ ይስማው፣ አሥራ አንደኛ ሐ» ይላል።
እርሳሷ በየኅዳጉ፤ ሠርታ፣ ሰርዛ፣ ደግሞ ሠርታ፤
«እዚህ ጋ ለምን?» ብላ፣ ራሷን ሞግታ፤
በሌላ ቀን እርሳስ፣ «ክፍልፋይ ነው ችግሬ» ብላ፣
ለራሷው መልስ ሰጥታ።

ጥሩሰው የሲጋራ ፓኮ ቀዶ፣ ገልብጦ ሰጠኝ።
ጥያቄዋን ሞከርኩት። ከሥር ያለውን ድምር
ለሁለት ሰንጥቄ፣ ለየብቻ አካፈልኩ፤
እሷ በሳተችበት ላይ፣ ዱካዋን ረግጬ ሳትኩ።
ስንት ዓመት አልፎ፣ አንድ ጉድጓድ፣ ሁለት ሰው።

ገጽ መቶ አሥራ ሁለት፣ ሎጋሪዝም ሲጀምር፣ እርሳሱ ያልቃል።
ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። የማንም ጣት አልነካው።
«የት ደረሰች?» አልኩት።
«እኔ በኪሎ ነው የምገዛው» አለ፣
«ሰው አብሮ አይመዘንም።»
ከዚያ ፓኮውን አገላብጦ አየና፣ ሳይስቅ፣
«የዘጠነኛንም ጨምር» አለኝ። «ክፍልፋይህ እዚያ ነው የቀረው።»

ጨመርኩ።
የዘጠነኛውን ከሥር፣ የማንጠግቦሽን ከላይ አድርጌ፣
ባጃጁ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ዩኒፎርም ለባሽ
ሽፋኑን እንዳታይብኝ፣ በክርኔ ሸሸግሁ።
አየችው። ዝም አለች። የእሷም ያው ነበር።

ማታ አሥራ ሁለት። ዝናቡ አባርቷል፤ ውሃው ረግቷል፤
አንድ ታንኳ ከእምቦጩ ጋር ሲታገል፣
ቀዘፋው ብቻ ይሰማል።
ከማንጠግቦሽ ስም ሥር ስሜን ልጽፍ እስክሪብቶ አንሥቼ
ተውኩት፤ መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ይቀረኛል።

ዘንጉን አነበብኩ። ቀኑን ጻፍኩ። ልኩን ጻፍኩ።
ከዚያ ማንም ሳያዘኝ፣ በመዝገቡ ቀኝ ዳር፣
በዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ ጠርዝ አስምሬ፣
ሦስተኛ ዓምድ ከፈትኩ፤
የዛሬው፣ ሲቀነስ የትናንቱ።

ሁለት።