ቅርቡ ሩቁን ሲጠብቅ

ቤቱ አዘዞ ነው፣ ከአስፋልቱ ባሻገር፣
ሳሎኑ ጠማማ፣ እንደ ክርን ታጥፎ የሚያልቅ በጓዳው በር።
ሦስት ቀኔ ዛሬ፣
በሆዴ ተኝቼ ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣
ገመድ እጎትታለሁ፣ ባትሪ በጥርሴ ይዤ፣ አቧራው ባፍንጫዬ ሲገባ።

አምስቱ ሣጥን ቀጭን፣ ስድስተኛው ጎርናና፣
ከፒያሳ በባጃጅ ጭኜ አመጣሁና
ቀኝ ጌታ አጣናው፣
አጎቴ ነው፣ ካይኑ ሕክምና ወዲህ እኔ ጋ ነው ኑሮው፤
ማያው ለሱ ጭጋግ ነው፣ ፊልም የሚያየው በጆሮው፣
«ለምን ስድስት?» አለኝ። «ለዜና አንድም ይበቃ!
ሬዲዮኔ አንድ አፍ ነው፤ ይኸው ሠላሳ ዓመት አውርቶ አላበቃ።»

«ለፊልም ነው» አልሁት፤
«ሰው ከፊት ሲያወራ፣ ፈረስ በጎን ሲያልፍ፣ ከኋላ ዝናቡ፣
ድምፁ ዙሪያህን ይዞ እንዲያጥርህ ነው እንደ ግንቡ።»

ግን አላጠረም።
የፊቶቹ ሁለቱ ብቻ ይጮኻሉ፤ የቀሩት አራቱ
ሙሽራ እንደማያውቁ እንግዶች ዝም ብለው ተጎለቱ።

ቅንብሩን ከፈትሁ። ድምፅ። መውጫ። ዲጂታል። ኦፕቲካሉ ተሰክቷል፤
ከገመዱ ጫፍ ላይ ቀይ ብርሃን፣ የበርበሬ ፍሬ የምታህል፣ ቦግ ብላለች።
«ድምፅ ብርሃን ሆኖ ይሄዳል» ብለው
«በኛ ጊዜ በጨለማ ነበር የሚሄደው፣ ጧፍም ሳንጨርስ» አለ፣
ጢሙን እየዳበሰ።

ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ገባኝ ጥፋቱ።
ኮምፒውተሩ ራሱ ነው አደራ የሚበላ፦
የታሸገውን ድምፅ መንገድ ላይ ይፈታና
ሁለቱን ለፊት ልኮ፣ አራቱን ያስቀራል ኋላ።
«አትፍታው፣ እንዳለ አሳልፍ» የምትል አንዲት ባዶ ቤት
ከዝርዝሩ ግርጌ ነበረች።
ጫንኋት።

መጣ።
ሺሺታው ከግራ ፊት ተነሣ፣ መሀሉን ይዞ ወደ ቀኝ ገባ፣
በኋላችን ዞረ፤ አጎቴ ይከተለዋል፣ አንገቱ እንደ ሱፍ አበባ።

አንድ ነገር ቀረ፤ ማጉያው ይጠይቃል፦
«እያንዳንዱ ሣጥን ካድማጩ ወንበር ስንት ሜትር ይርቃል?»
ሜትር የለኝም። አጎቴ መቋሚያውን ዘረጋ፣
ወለሉን እየዳበሰ ለካልኝ፣ ሄዶ ከያንዳንዱ ጋ።
የፊቶቹ አንድ ተኩል መቋሚያ። ቀኝ ኋላ፣ አንድ እንኳ አልሞላ።
ግራ ኋላ ግን ከጓዳው በር ነው፤ ሦስት ሙሉ፣ ከክርኑ ኋላ።

«ይህ ሁሉ ለምኑ ነው?»
«ቅርቡን ለማዘግየት» አልሁት። «ሩቁ እስኪደርስ ይታገሣል ቅርቡ፣
እኩል እንዲመጡልህ፣ ከጆሮህ ሲገቡ።»

ዝም አለ። ይኸን ዝምታ አውቀዋለሁ።
አርባ ዓመት ከቀኝ ቆሞ ሲመራ
ግራ ጌታ ውብነህ ነበር የሚቀበለው ከግራ፤
እግሩ ያነክስ ነበርና ሽብሸባው ላይ አንዲት እርምጃ ይዘገያል፣
ይኸኛው ደግሞ፣ ሕዝቡ እንዳያውቅ አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቀዋል።
ባለፈው ኅዳር ቀበርነው።

«ማን አስተማረው?» አለኝ፣ በመቋሚያው ወደ ማጉያው እየጠቆመ።
«ምኑን?»
«መጠበቁን።»

ቁጥሮቹን ጻፍሁ። ለግራ ኋላ፣ ሦስት መቋሚያ፣ አራት ሜትር ተኩል።
«አምስት መቋሚያ በለው» አለ።
«ሦስት ነው እኮ፣ አሁን ለካኸው።»
«አውቃለሁ። አንተ አምስት ጻፍ።»

ስህተት ነው። እስከ ዛሬም አላረምሁትም።
አሁን እዚህ ቤት ሁሉም ከልኩ በላይ ይጠብቃል፣
ከጓዳው በር የሚመጣው ግን በቅንጣት ይቀድማል።
የሰው ጆሮ አይለየውም ይሉኛል፤ እኔም አልለየውም።
አጎቴ ግን፣ ፊልሙ ውስጥ ዝናቡ ሊጀምር ሲል፣
ገና አንድ ጠብታ ሳልሰማ፣
ወደዚያ ዞሯል።