ጥያቄ ቁጥር አሥራ ሰባት

መዘዞን እንዳለፍን ጭጋግ ዋጠን ድንገት፤
ሸዋንግዛው ቆመ ከመንገዱ አንገት።
«ዓይን ያላየውን ጎማ አይሄድም በእምነት»
ብሎ ሞተር አጠፋ።

እኔ ረዳቱ ነኝ፣ በር ላይ ተንጠልጥዬ
ቀኑን የምገፋ «ሒሳብ! ሒሳብ!» ብዬ፤
ሌሊት ደግሞ ተማሪ፣ የግል ተፈታኝ፣
አምናም ያው ሒሳብ ነው በአራት ነጥብ የጣለኝ።

ከመቀመጫው ሥር፣ ከክሪኩ አጠገብ፣
ዘይት የጠጣች ወረቀት ሳብ
አድርጌ አነበብኩ፦

«ከደብረ ብርሃን አንድ መኪና ተነሣ፣
በሰዓት ስድሳ።
ከሸዋ ሮቢትም ሌላው በዚያው ቅጽበት፣
በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር ፍጥነት።
በመካከላቸው መቶ ኪሎ ሜትር ካለ፣
ከስንት ሰዓት በኋላ ይገናኛሉ?» አለ።

ለካ ጮክ ብዬ ነው የማነበው፤
በጭጋግ ውስጥ ድምፅ አይጠፋም፣ ሁሉም ሰማው።

«ስድሳ? በዚህ መንገድ?» እትዬ ፀሐይወርቅ
ሦስት ጥቅል ብርድ ልብስ ታቅፈው፣ ሳቅ ሳቅ
እያላቸው፣ «በዚህ ገደል አፋፍ ስድሳ የሚበር ሰው
ሚስት የለውም እንዴ፣ ተው ብላ የምትመልሰው?»

«አርባውም ውሸት ነው» አለ የሽንኩርቱ ነጋዴ፣
«ዳገቱን ተጭኖ ነው? ባዶውን ነው እንዴ?
ኬላ ላይ ሲቆም፣ ደረሰኝ ሲጠየቅ፣
ሰዓቱ ይቆማል ወይስ ይሄዳል? ይታወቅ!»

አንድ ሕፃን ደግሞ ከእናቱ ጭን ሆኖ፣
«ሲገናኙ ክላክስ ያደርጋሉ?» አለ፣ አምኖ።

ማንም አልመለሰለት።

ሸዋንግዛው ብቻ መስታወቱን በእጅጌው ጠረገ፤
የጠረገው ቦታ ተመልሶ ጉም አደረገ።
«ይገናኛሉ አትበል» አለኝ፣ ሳይዞር፣ በቀስታ፣
«ይተላለፋሉ በል። በዚህ መንገድ፣ በዚህ ቦታ
የተገናኙትን እኔ አውቃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ሳቅ የለም። ብርዱ በበሩ ስንጥቅ ገባ።

ከመጨረሻው ወንበር ጋቢ ተነቃነቀ፤
መምህር አጥናፍሰገድ፣ ጡረታ ከወጡ ዘመን ያለቀ፣
ጉሮሯቸውን ጠርገው፦ «ስማ፣ አንተ ልጅ።
አልፈተንክም አምና ስላላወቅህ እንጂ
አትበል። አብዝተህ ነው ያወቅኸው።
ፈተናው የሚጠይቅህ ከምታውቀው ጥቂቱን ነው።
ጭጋጉን አውርደው። ሽንኩርቱን አውርደው።
እመቤቴን ከነብርድ ልብሳቸው፣ ይቅር ይበሉኝና፣ አውርዳቸው።
ሾፌሩንም፣ ከነሐዘኑ። ማውረድ ሥራህ አይደል?
ባዶው መኪና ሲቀርህ፣ ያኔ ደምር፣ ያኔ አካፍል።»

አወረድኳቸው። አንድ በአንድ፣ በልቤ።
ሕፃኑ ግን እምቢ አለኝ፤ እሱንም እንደምንም አባብዬ።
ስድሳ ሲደመር አርባ፣ መቶ።
መቶ ለመቶ ሲካፈል፣ አንድ ሰዓት። አለቀ በቃ፣ ተፈቶ።
ሾፌር የሌላቸው ሁለት ባዶ መኪኖች
ደብረ ሲና ላይ ደረሱ፣ ያለ ድምፅ፣ ያለ ሰዎች።

የ«ለ»ን ክብ በእርሳስ አጠቆርኩ፣ እስክትሞላ ድረስ፤
የጣርማበርን ዋሻ አፍ መሰለች፣ በመጠን ብታንስ።

ጭጋጉ ሲሳሳ ከእውነተኛው ዋሻ ሁለት ቢጫ መብራት ወጣ፤
ከሮቢት የተነሣው ማንጎ ጭኖ መጣ።
ሸዋንግዛው ክላክሱን ሁለት ጊዜ ነካ፤
ሕፃኑ በሳቅ ፈነዳ፣ ይቺን ነበር ለካ
ሲጠብቅ የቆየው።

ሰዓቴን አየሁ፦ ከተነሣን ሁለት ሰዓት ከሩብ።
ከአራቱ ምርጫ ውስጥ የለም።

«ሒሳብ!» አልኩ፣ ዋሻውን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ፤
ብሩ ጎደለብኝ፣ የአንድ ሰው፣ የአንድ።
ማን እንዳልከፈለ ለማወቅ ስቆጥር፣
ከፊተኛው ወንበር እስከ ኋላው ድርድር፣
ያወረድኳቸውን ሁሉ መልሼ ጫንኩ፦
ሽንኩርቱን፣ ብርድ ልብሱን፣ ሕፃኑን፣ ጭጋጉን ጭምር።

መምህሩ አንቀላፍተዋል፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው።
አልቀሰቀስኳቸውም።